የላንድክሩዘር ባሌስትራ ጎሚኒ፦ ቶርኖ ቤት ይሠራ ወይስ ይገዛ?

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራ፣ ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር 75 አለኝ፤ ከባሕር ዳር ወደ ገጠር ሰውና እህል አመላልስበታለሁ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የኋላ ባሌስትራዎቹ (ጭነቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ንጣፎች) ጎሚኒ፣ ማለትም በባሌስትራው ጫፍ ቀዳዳና በውስጡ በሚያልፈው ፒን መካከል የሚገባው የጎማ ልባስ፣ ስላለቀ ቶርኖ ቤት ወስጄ ከነጭ ናይለን አስቀረጽሁ። ሁለት ወር ያህል መኪናው እንደ አዲስ ቀጥ ብሎ ሄደልኝ፤ ክረምቱ ሲጠና ግን መጮህ ጀመረ፤ መስከረም ላይ ሲፈታም ሁለቱ ተሰንጥቀው፣ ፒኖቹም ተበልተው ተገኙ። አንዱ መካኒክ ፖሊዩሬቴን (ጎማ መሰል ፕላስቲክ) አስገባ ይለኛል፣ ሌላው ወደ ጎማው ተመለስ ይለኛል፣ የቶርኖ ባለሙያው ደግሞ ናይለኑን እንደገና አጥብቄ ልሥራልህ ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቶርኖ ባለሙያው ልኩን አልሳተ ይሆናል፤ የሳተው ዕቃውን ሲመርጥ ነው። በየቶርኖ ቤቱ የሚገኘው ነጭ ናይለን ጠንካራና ለመቅረጽ የሚመች ቢሆንም ውሃ ይጠጣል፤ የተለመደው ዓይነት ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ ውሃ ውስጥ ቢቆይ የክብደቱን 9 በመቶ ያህል ሊስብ ይችላል፣ ሲስብም ያብጣል። በባሌስትራው ጫፍ ጥቅልል ውስጥ የተቀረቀረ ናይለን ወደ ውጭ የሚያብጥበት ቦታ ስለሌለው እብጠቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ፒኑ ይሄዳል፤ በግንቦት በእጅ ይዞር የነበረው በነሐሴ ፒኑን አንቆ ይይዛል። የሰሙት ጩኸት ይኸው ነው። ጭቃና አሸዋ ሲጨመርበት ፒኑ መበላቱ፣ መለጠጥ የማያውቀው ናይለንም መሰንጠቁ የሚጠበቅ ነው። እንደገና አጥብቆ መሥራት እንግዲህ ያንኑ ችግር ከክረምቱ በፊት ማምጣት ይሆናል።

ከሦስቱ ምክሮች አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ግን ጎሚኒው ምን እንደሚሠራ መመልከት ይበጃል። በእርስዎ መኪና ጎሚኒው ሁለት ግማሽ ሆኖ ከግራና ከቀኝ የሚገባ ነው፤ ባሌስትራው ሲወርድና ሲወጣ በፒኑ ላይ ይዞራል። ሥራው በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ናስም ይበቃ ነበር። ነገር ግን አንዱ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ባሌስትራው ወደ ጎንም ይጠመዘዛል፤ ይህን ጥምዝ መቀበል ያለበት ጎሚኒው ነው። ጎሚኒው እሺ ካላለ ጫናው ወደ ረጅሙ የባሌስትራ ንጣፍ፣ ወደ ፒኑና በሻንሲው ላይ ወደተበየደው ማንጠልጠያ ይሸጋገራል። ርካሹ ዕቃ ተርፎ ውዱ ይሰበራል ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ለፊትና ለኋላ አንድ አይደለም። ከፊት የመንገዱ ንዝረት በመሪው በኩል ወደ እጅዎ እንዳይመጣ የፋብሪካውን የጎማ ጎሚኒ ይተዉት። ጭነቱን ከሚሸከመው ከኋላ ግን በሾር ኤ (የጎማ መሰል ዕቃ ጥንካሬ መለኪያ) 80 አካባቢ የሆነ ፖሊዩሬቴን ተገቢ ነው፤ ከጎማው ጠንከር ይላል፣ ዘይትና ናፍጣ አይጎዳውም፣ ለጥምዙም መጠነኛ ዕድል ይሰጣል። 95 የሚደርሰውን ለእሽቅድምድም መኪና ይተዉላቸው።

የተዘጋጀ ካላገኙና ማሠራት ግድ ከሆነ፣ የፖሊዩሬቴን ዘንግ ገዝቶ ማስቀረጽ ይቻላል። ዕቃው ለስላሳ ስለሆነ ከቢላዋው ይሸሻል፤ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ፣ በጣም በተሳለ ቢላዋ በጥቂት በጥቂቱ መቅረጽ መልካም ነው። ልኩ የሚወሰደው ካለቀው ጎሚኒ ሳይሆን ከባሌስትራው ቀዳዳና ከአዲሱ ፒን ነው። ቀዳዳውን በካሊፐር በቁመትም በወርድም ይለኩት፤ ሁለቱ ልኮች ከተለያዩ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗልና ችግሩ የጎሚኒ ብቻ አይደለም። ከከባድ መኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውንም ብዙ ሾፌሮች ያውቁታል፤ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ባለውለታ ነው፣ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሽቦና ክር ፒኑን ስለሚሞርደው ከቤት ሲደርሱ ይውጣ።

ፒኑን ግን አያሠሩ። ጎሚኒ ቢበላሽ ይጮኻል እንጂ መንገድ ላይ አይጥልዎትም፤ ከምን ብረት እንደተቀረጸ ያልታወቀ ፒን ግን ሲቆረጥ አክስሉን ይለቀዋል። ደረጃውን የጠበቀ አዲስ ፒን ይግዙ፤ የተበላው ፒን ላይ የሚገባ አዲስ ጎሚኒ በጥቂት ወራት ውስጥ ይፈጫል። ለግራሶ ማስገቢያ ብሎ ነባሩን ፒን መሐል ለመሐል ማስበሳትም ያደክመዋል።

አሮጌው አልወጣ ሲል በኦክሲጅን እሳት ማቃጠል በየጋራዡ የተለመደ ነው። ጭሱ መርዛማ መሆኑ ሳያንስ፣ የባሌስትራው ብረት በፋብሪካ በሙቀት ተገርቶ የጠነከረ ስለሆነ ከልክ በላይ ሲግል ያንን ጥንካሬ ያጣል፤ በኋላም የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። ጎማውን በመሰርሰሪያ በስቶ ማውጣት ጊዜ ቢወስድም ይሻላል።

ሲገጠም ፖሊዩሬቴኑን ሲሊኮን ግራሶ ይቀቡት፤ ደረቅ ከሆነ ይጮኻል። ለጎማው ግን የሳሙና ውሃ ብቻ ይበቃል፤ ተራው ግራሶ ጎማን ያሳብጠዋል። በመጨረሻም መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶዎቹን አያጥብቁ። መሬት ላይ በአራቱ ጎማ ይቁም፣ ከኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነው ያወዛውዙት፣ ከዚያ ይጠበቅ። ተንጠልጥሎ የጠበቀ የጎማ ጎሚኒ ገና መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሳይሠራም ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ በአቡ ዳቢ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ላንድክሩዘር 80 አለኝ፤ ለአሸዋ ብዬ በ50 ሚሊሜትር ከፍ አድርጌዋለሁ። ጎሚኒውን በሙሉ ፖሊዩሬቴን ላድርገው?

መልስ፦ በሙሉ አያድርጉት። የእርስዎ መኪና ከፊት ባሌስትራ የለውም፤ አክስሉን የሚይዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች ናቸው፤ አንዱ ጎማ ከፍ ሲል ሌላው ሲወርድም የክንዶቹ ጎሚኒዎች በብርቱ ይጠመዘዛሉ። እዚያ የጎማው ጎሚኒ ይቆይ። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ በሚይዘው አግዳሚ ዘንግ ላይ ግን ፖሊዩሬቴን ቢገባ የመሪውን ላላነት ይቀንሳል። መኪናው ከፍ በማለቱ የፊት አክስሉ ስለዞረ መሪው ራሱን መመለስ ሰንፎ ከሆነ፣ ይህንን ለማረም ቀዳዳቸው ከመሐል ወጣ ተደርጎ የተሠሩ የክንድ ጎሚኒዎች አሉ፤ ከተገጠሙ በኋላ የጎማ አቋም በመሣሪያ ይለካ።