40 ርካሽ ታብሌት ወይስ 22 ደህና? ለክፍል የሚሆን ታብሌት አመራረጥ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። የወላጆች ኮሚቴ ለ9ኛ ክፍል ታብሌት መግዣ ገንዘብ አሰባስቧል። በአንድ ክፍል 40 ተማሪ አለን። አንድ ነጋዴ ካርቶናቸው ላይ «12 ጂቢ ራም፣ 512 ጂቢ፣ አንድሮይድ 13» የሚል የተጻፈባቸውን ባለ 8 ኢንች 40 ታብሌቶች አቅርቦልናል። በዚያው ገንዘብ ስሙ የታወቀ ባለ 10 ወይም ባለ 11 ኢንች ብንገዛ የሚደርሰን 22 ብቻ ነው። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ መምህር፣ ደህናውን ይግዙ፤ ግን 22 ሳይሆን 21። 20ው ለሁለት ለሁለት ተማሪ ይከፋፈላል፣ አንዱ መጠባበቂያ ይሆናል፣ የቀረው ገንዘብ ጠርዙን በደንብ ለሚሸፍን የጎማ ሽፋን ይውላል። ኮሚቴው «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ምክንያቱን በማስረጃ ይዘው ይግቡ።

በካርቶኑ ቁጥር እንጀምር። ርካሽ ታብሌት ላይ «12 ጂቢ ራም» ሲባል ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ራም 4 ነው፤ 8ቱ ከማከማቻው ተወስዶ የተደመረ ነው። ይኼኛው ቀላሉ ነው። የባሰው ሲስተሙ ተነካክቶ ሴቲንግ ውስጥ ሳይቀር የውሸት ቁጥር የሚያሳየው ነው። ስለዚህ ነጋዴው አንድ ናሙና ለሁለት ቀን ይስጥዎት። እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያብቃ።

ናሙናው ላይ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ አፕ ጭነው የሲስተም ገጹን ይክፈቱ። አንድሮይድ 13 የኤፒአይ ሌቭሉ (የአንድሮይዱን ትክክለኛ ዕትም የሚለየው ቁጥር) 33 ነው፤ የ12 ደግሞ 31 ወይም 32፣ የ10 ደግሞ 29። ስሙ «13» ሆኖ ሌቭሉ 27 ከሆነ በእጅዎ ያለው አንድሮይድ 8.1 ነው። ፕሮሰሰሩ ኮርቴክስ-ኤ7 ከሆነም አይውሰዱት፤ ባለ 32 ቢት አሮጌ ቺፕ ስለሆነ ከአዳዲስ አፖች ጋር አይዘልቅም። ማከማቻውን ለመፈተን ያለው መንገድ መሙላት ብቻ ነው። ከኮምፒውተር ትልልቅ ቪዲዮዎችን እስኪሞላ ድረስ ይገልብጡ፣ አጥፍተው ያብሩት፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ የገቡትን ከፍተው ያጫውቱ። የውሸት ሚሞሪ ፋይሉን ተቀብሎ ስሙን ያስቀምጣል፤ ሲከፈት ግን ውስጡ ባዶ ወይም የተበላሸ ነው። ፕሌይ ስቶር ውስጥም ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ አባውት ገብተው መሣሪያው በፕሌይ ፕሮቴክት (በጉግል የደህንነት ማረጋገጫ) የተረጋገጠ መሆኑን ይዩ።

ናሙናው ይህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ባለ 8 ኢንቹ ስክሪኑ ላይ ይወድቃል። 16 በ10 ቅርጽ ያለው ባለ 8 ኢንች ታብሌት ቀጥ ብሎ ሲያዝ የስክሪኑ ስፋት 10.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኤ4 ገጽ ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የመማሪያ መጽሐፉ ፒዲኤፍ በግማሽ ያህል ይጠባል፤ በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል 6 ነጥብ ይሆናል። ልጁ እያሰፋና እያንሸራተተ ሲያነብ መስመሩ ይጠፋዋል። 10.1 ኢንች ላይ ስፋቱ 13.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያው ፊደል ወደ 8 ነጥብ ይጠጋል፣ ይነበባልም። የስክሪኑን ጥራትም አይርሱ። 10.1 ኢንች ላይ 1280 በ800 የሚባለው በአንድ ኢንች 149 ፒክስል (የምስል ነጥብ)፣ 1920 በ1200 ደግሞ 224 ፒክስል ይሰጣል። በእኛ ፊደል ቡን ከቢ፣ ነን ከኘ የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ በመጀመሪያው ስክሪን ላይ ፊደሉ ሲያንስ ጭረቷ ትደበዝዛለች። የአማርኛ መጽሐፍ አንድ ገጽና ከቁጥር ራስ ላይ ትንንሽ 2 እና 3 ያሉበት የሒሳብ ገጽ ከፍተው፣ ሳያሰፉ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለማንበብ ይሞክሩ። ከሁሉም ፈተና ኮሚቴውን የሚያሳምነው ይኼኛው ነው።

እንግዲህ ዝቅተኛው መስፈርት፦ 10 ኢንችና ከዚያ በላይ፣ 1920 በ1200፣ እውነተኛ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ማከማቻ፣ የታይፕ ሲ ቻርጀር መሰኪያ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ ይህን ያሟላል፤ 11 ኢንች ነው፣ ባትሪው 7040 ሚሊ አምፒር ሰዓት። ልብ ይበሉ፣ ታብ ኤ9 ያለ «ፕላስ» ሌላ ዕቃ ነው፤ 8.7 ኢንችና 1340 በ800። ዋጋ ማቅረቢያው ላይ «ፕላስ» የሚለው ቃል ከሌለ አይፈርሙ። ብዙ ታብሌት ከገመድ በቀር ቻርጀር ይዞ ስለማይመጣ ያንንም በጽሑፍ ያስገቡ።

ከመግዛትዎ በፊት አካባቢያችሁ ያለ ጠጋኝ ዘንድ ሄደው ስለ ሞዴሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የቻርጀር መሰኪያው ለብቻው ትንሽ ቦርድ ላይ ነው ወይስ ዋናው ቦርድ ላይ ተበይዷል? የመጀመሪያው ቦርዱ ተፈቶ በሌላ ይተካል፤ ሁለተኛው ጥሩ እጅ ያለው በያጅ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሚነካው መስታወት ከስክሪኑ ለብቻው ይነሳል ወይስ ተጣብቋል? ከተጣበቀ መስታወት ሲሰነጠቅ የሚገዛው ሙሉ ስክሪን ነው።

የመብራት ጭነት አያሳስብዎት። 20 ታብሌት በ15 ዋት 300 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 1.4 አምፒር ቢሆን ነው። የሚያቃጥለው የላላ ዲቫይደር ነው፤ ሶኬቱ ጥብቅ ያለውን ይግዙ፣ አንዱን ዲቫይደር በሌላው ላይ አይሰኩ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቻርጀር ስለሚገድል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ የቮልቴጅ መከላከያ ከፊት ያስገቡ። ሲሞሉ አይደራረቡ፤ አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቁሙ።

ፒዲኤፎቹን እያንዳንዱ ታብሌት ውስጥ ይጫኑ እንጂ በዋይፋይ አያውርዷቸው። ቪዲዮና መልመጃ ከፈለጉ ኮሊብሪ የሚባለውን የትምህርት ሶፍትዌር ራስቤሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ያለ ኢንተርኔት ማሠራት ይቻላል፤ ራውተሩ ግን ባለ 5 ጊጋኸርዝ ይሁን።

በመምህር የግል ጉግል አካውንት ግን በፍጹም አያስጀምሯቸው። መምህሩ ከሄደ በኋላ አንዱ ታብሌት በቁልፎቹ ፎርማት ቢደረግ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉ ከሌለ ተቆልፎ ይቀራል። ይልቅ አዲሱ ታብሌት «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ገጽ ላይ እያለ ስክሪኑን 6 ጊዜ ይንኩት፤ የኪውአር ኮድ ማንበቢያ ይከፈታል። እንደ ሄድዊንድ ባለ ነጻ የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የተዘጋጀውን ኮድ ሲያነብ ታብሌቱ በትምህርት ቤቱ ሥር ይገባል፤ የሚከፈቱትንም አፖች እርስዎ ይወስናሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ያለ አስተማሪ ታብሌት የተሰጣቸው ሕፃናት የተዘጋውን ካሜራ በወራት ውስጥ ራሳቸው ከፍተውታል፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ በተራ የይለፍ ቃል አይቆምም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ባትሪዎቹን 50 በመቶ አካባቢ አድርሰው ታብሌቶቹን ሙሉ በሙሉ ያጥፏቸው። በዜሮ ክረምቱን የከረመ ባትሪ መስከረም ላይ ቻርጅ አልቀበልም ሊል ይችላል። ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ አብርተው ከ30 በመቶ በታች የወረደውን ወደ 50 ይመልሱት። ያን ዕለት እያንዳንዱን ከሽፋኑ አውጥተው ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ያስተኙት፤ ጀርባው አብጦ የሚወዛወዝ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ያለ ካለ ባትሪው አብጧል። እሱን ቻርጅ ላይ አይሰኩት፣ ተጭነውም ለመመለስ አይሞክሩ፤ ከሌሎቹ ለይተው ባትሪውን ጠጋኝ ያውጣው።