ወለድ በሌለው ካርድ ወፍጮ ልትከል ወይ ላልኸው ወንድሜ

ሜሪላንድ ላለው ታላቅ ወንድምህ ለ15 ወር ወለድ የማይታሰብበት ክሬዲት ካርድ ቀርቦለት፣ በእርሱ ገንዘብ ልኮልህ ቡሬ ላይ ወፍጮ ብትተክል ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። ያዋጣል። እኔ ደምበጫ ላይ ያቆምሁት ወፍጮ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው፤ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴም ዕዳዋን ቀኑ ሳይደርስ ጨርሳለች።

አንደኛ፣ ገንዘቡን ከካርዱ በቀጥታ እንዳይልክ። ብዙዎቹ ባንኮች በክሬዲት ካርድ የተከፈለ ሐዋላን እንደ ዕቃ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ የአገልግሎት ክፍያም ይጨመርበታል። እህቴ አስቤዛዋን፣ ቤንዚኗን፣ የስልክ ሂሳቧን በካርዱ እየከፈለች፣ ሳይነካ የቀረውን ደመወዟን ከባንክ ሂሳቧ ትልክልኝ ነበር። ብልህ ልጅ ናት፣ ሳልኮራባት አላልፍም።

ሁለተኛ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ሳይሆን ሱቅ ከሆነ ይጠንቀቅ። «በጊዜው ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ወለድ የለም» የሚል ውል፣ ጥቂት ዶላር እንኳ ብትቀር ከግዢው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመውን ወለድ ሁሉ ይጭናል። የባንኩ ዜሮ ወለድ ግን ጊዜው ሲያልፍ የሚያስከፍለው በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። ወርኃዊውን ዝቅተኛ ክፍያም አያሳልፍ፤ ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ባንኩ ዜሮ ወለዱን ማንሣት ይችላል።

ሦስተኛው የመብራት ቆጣሪ ጉዳይ ነው፤ አጥብቄ የምነግርህም ይህን ነው። ወለድ የሌለበት 15 ወር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ካርዱ ከተከፈተበት ቀን እንጂ ወፍጮህ ጤፍ መፍጨት ከጀመረበት ቀን አይደለም። የእኛ ሞተር ተገዝቶ፣ ድንጋዩ ተገጥሞ፣ ለወፍጮ ሞተር የሚሆን ኃይል የሚያስገባ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ አጥቶ ክረምቱን ሙሉ ላስቲክ ለብሶ ከረመ። መብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ ማመልከቻዬን በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ ያደርግና «ትራንስፎርመሩ አይችልም» ይለኛል። ሌላ ቀን «ፋይልህ የለም» አለኝ። ፋይሉ ከክርኑ ሥር ነበር፤ በእጄ የጻፍሁት ስሜ እየታየኝ! ግብር የምከፍል ሰው ነኝ እኮ። እኔ እዚህ ደጅ ስጠና፣ ወፍጮው ሊከፍለው የነበረውን ዕዳ እህቴ የሌሊት ፈረቃ እየጨመረች ከፈለችው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ቆጣሪው ግድግዳህ ላይ ተሰቅሎ ኃይል መግባቱን ሳታይ ወንድምህ ካርዱን እንዳይከፍት። ማመልከቻህን ስታስገባ በቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመታ፤ በኋላ ኃላፊው ፊት አውጥቼ የረታሁበት ያ ወረቀት ነው። የሞተሩን ጉልበት ከመወሰንህ በፊት ደግሞ ደምበጫ ብቅ በል፤ የእኔን ሲሠራ አይተህ ትገዛለህ።