የአሜሪካ ሲቲዝን ነኝ፣ ሰሜን ኮሪያ ሄጄ እንግሊዝኛ ማስተማር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ሲቲዝን ከሆንኩ ቆይቻለሁ፣ ዲግሪዬንም እዚሁ ነው የሰራሁት፣ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የቸርች ጓደኛዬ ፒዮንግያንግ ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሆነ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ይፈልጋሉ አለችኝ። ደሞዝ የለውም። በአሜሪካ ፓስፖርት አይቻልም ሲሉኝ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ገና ኤክስፓየር ስላላደረገ በሱ በቤጂንግ በኩል ብገባስ ብዬ አሰብኩ። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ አዎ አለው፣ ያውም ብዙ።

ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ የአሜሪካ ፓስፖርት ሰሜን ኮሪያ ለመግባትም፣ እዛ ለመቆየትም፣ በዛ ለማለፍም አያገለግልም። እገዳው የመጣው ኦቶ ዋርምቢር የሚባለው ተማሪ እዛ ታስሮ ራሱን ሳያውቅ ተመልሶ በጁን 2017 ከሞተ በኋላ ነው፣ ከዛ ወዲህ ጊዜው ባለቀ ቁጥር እየታደሰ ነው የመጣው። ስቴት ዲፓርትመንት፣ ማለትም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤት፣ ልዩ ፈቃድ ያለበት ፓስፖርት ይሰጣል፣ ግን ለጋዜጠኛ፣ ለቀይ መስቀል ሰው፣ አስገዳጅ ሰብዓዊ ምክንያት ላለው ወይ ጉዞው ለአሜሪካ ብሔራዊ ጥቅም ነው ለተባለለት ነው። እንግሊዝኛ ማስተማር ብቻውን እዛ ውስጥ አይገባም። ጓደኛሽ ያለችው ዩኒቨርሲቲ በ2010 የተከፈተው ከሆነ ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ አሜሪካኖች ነበሩ፣ እገዳው ሲመጣ እነሱም ቀሩ። ያለ ፈቃድ በአሜሪካ ፓስፖርትሽ ብትሄጂ ፓስፖርቱን ሊሰርዙብሽ ይችላሉ፣ በወንጀልም ያስከስሳል።

አሁን ወደ መሳቢያሽ ውስጥ ወዳለው ፓስፖርት እንምጣ። ብዙ ሰው ቀኑ እስካላለፈ ድረስ የሚሰራ ይመስለዋል፣ በየሳምንቱ ነው የሚጠይቁኝ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሰረት ፈልጎ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ አንቺ ለአሜሪካ ቃለ መሀላ የፈፀምሽ ቀን ያ ፓስፖርት መያዝ የሚገባሽ ነገር መሆኑ አብቅቷል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድም ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ነገር ያቃልልሻል እንጂ የጉዞ ሰነድ አይደለም። ደግሞ በተግባርም አያስኬድም፣ ሲቲዝን ከአሜሪካ መውጣትም መግባትም ያለበት በአሜሪካ ፓስፖርት ነው፣ ቤጂንግ በሱ ገብተሽ ወደ ፒዮንግያንግ በሌላኛው ልውጣ ስትዪ የቻይናው ኢሚግሬሽን መጀመሪያ የሚፈልገው የገባሽበትን ማህተም ነው። ገፅ ቢያገላብጥ የለም። በዛች ሰዓት የምትመልሺው ነገር የለሽም።

ደሞዝ የለውም ስላልሽው፣ እሱ አያድንሽም። በሰሜን ኮሪያ ላይ ባለው የአሜሪካ ማዕቀብ አሜሪካዊ ሰው እዛ አገልግሎት መስጠት ያለ ፈቃድ አይችልም፣ ማስተማርም አገልግሎት ነው፣ በነፃም ይሁን በክፍያ። አውቆ የጣሰ እስከ 20 ዓመት እስርና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። የሚልክሽ ድርጅት ፈቃድ አለን ካለ በፅሁፍ አሳዩኝ በያቸው፣ ያም ቢኖር የፓስፖርቱን እገዳ አያነሳም፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ልታስፈራራኝ ነው እንዳትዪ፣ እዛው ዩኒቨርሲቲ የሰሩ 2 አሜሪካውያን በ2017 ታስረው የተለቀቁት በሜይ 2018 ነው። አሜሪካ እዛ ኤምባሲ ስለሌላት ስለ ዜጎቿ የምትጠይቀው በስዊድን በኩል ነው።

የሚገርመኝ ግን አንቺ ድንበሩን ተሻግረሽ ደቡብ ኮሪያን አለማየትሽ ነው። ኢ-2 የሚባለው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቪዛ ለ7 ሀገር ዜጎች ብቻ ነው የሚሰጠው፣ አሜሪካ አንዷ ናት፣ እና ይሄ ቪዛ በኢትዮጵያ ፓስፖርት አይገኝም ነበር። አንቺ ግን ዲግሪሽም ከዚሁ ስለሆነ በቀጥታ ትገቢበታለሽ። ዲግሪሽ አፖስቲል ይደረግ፣ ማለትም ሰነዱ ትክክለኛ ነው ተብሎ ለውጭ ሀገር አገልግሎት በመንግስት ይረጋገጥ፣ የኤፍቢአይ የወንጀል ነፃ ማስረጃም እንደዛው፣ እሱ የፌዴራል ሰነድ ስለሆነ አፖስቲሉን የሚሰጠው የቨርጂኒያ ስቴት ሳይሆን ስቴት ዲፓርትመንት ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተሳስቶ ወር ያባክናል። የሚቆየውም እሱ ስለሆነ ከአሻራው ጀምሪ። የመንግስት ትምህርት ቤት ከፈለግሽ ኢፒክ በሚባለው ፕሮግራም አመልክቺ፣ የግል ማስተማሪያ ተቋም ከሆነ ደግሞ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍልና ብታቋርጪ ምን እንደሚያስከፍሉሽ ኮንትራቱ ላይ ሳታዪ እንዳትፈርሚ።