መልስ፦ ኩርባ ላይ አልታጠፍ ለሚል መኪና ክብደቱ የት ይሁን?

ሰላም ወንድሜ። ግራን ቱሪዝሞ 7 የተባለው የመኪና ውድድር ጌም ላይ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽንህ ኩርባ ሲገባ አፍንጫው ወደ ውጭ እየሄደ አስቸግሮህ፣ ባላስት (መኪናው ላይ የሚጫን ተጨማሪ ክብደት) ልጨምር ወይ ብለሃል። ጨምር፣ ግን በጥቂቱ። ሞተሩ ፊት ስለሆነ የፊት ጎማዎቹ ከኋለኞቹ የበለጠ ይሸከማሉ። 30 ኪሎ አካባቢ ጫንና ቦታውን ከ0 ወደ 50 ግፋው፤ ፕላስ ማለት ወደ ኋላ ነው። አፍንጫው ቀለል ይልልሃል። ክብደት ሲጨመር ፒፒው (ጌሙ የመኪናውን አቅም የሚለካበት ነጥብ) ብዙውን ጊዜ ስለሚወርድ፣ ውድድሩ የፒፒ ገደብ ካለው የተረፈውን በሞተር ጉልበት ትሞላዋለህ።

ከዚያ በላይ ግን እጅህን ሰብስብ። የምትጨምረው ኪሎ ሁሉ ፍሬን የምትይዝበትን ርቀት ያረዝማል፣ ጎማም ይበላል። ኋላው በጣም ከከበደ ደግሞ ኩርባ መሃል እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ጅራቱ ይዞርብሃል። እኔ ብሆን፣ የሚስተካከለውን ሰስፔንሽን ገዝተህ ከሆነ፣ መጀመሪያ የፊቱን አንቲ ሮል ባር (መኪናው ኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት) አላላለሁ፤ የኋላውን ትንሽ አጠነክራለሁ። ይሄ አንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም። ብዙ ሰው ይህን ማለፉ በጣም ያናድደኛል!

የምጫወተው ለገጣፎ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው ስላልክ፣ ሴቲንጉን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ። መብራት ድንገት ከሄደ ያላስቀመጥከው ይጠፋል። አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ ሁለት ዙር ንዳ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ።