ሰላምታ ብቻውን ሰው አያቆይም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «አዲስ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ይመጣሉ። በር ላይ በፈገግታ እንቀበላቸዋለን፣ ወንበር እናሳያቸዋለን። ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ታይተው ይጠፋሉ። በተለይ አካል ጉዳተኞች፣ የተቸገሩና ብቻቸውን የሚመጡ ሰዎች አይቆዩም። ምን ጎደለን?» ብለሻል። ብዙ ሰው «የጎደለው ፍቅር ነው» ብሎ መልሶልሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፍቅር ሞልቶ ሰው የሚጠፋበትን ጉባኤ በቅርብ አውቃለሁ።

ለዓመታት በአቀባበል አገልግሎት ላይ ነበርኩ። ኋላ ደግሞ የቀሩ ሰዎችን እየፈለገ የሚጠይቅ ቡድን ውስጥ ገባሁ። ብዙ የተማርኩት በዚህኛው ነው። በር ላይ የሚቆም ሰው የሚያየው የሚገባውን ነው። የወጣው ለምን እንደወጣ ለማወቅ ቤቱ ድረስ መሄድ ወይም ቢያንስ ስልክ መደወል ያስፈልጋል።

«ምነው ጠፋህ?» ስንለው «ሰላም የሚለኝ አጣሁ» ያለን ሰው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው እንዲህ ይላል፦ «ሁሉም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን ብመጣም ብቀርም ለውጥ የለውም።» ይህን በተለያየ አነጋገር ከተለያዩ ሰዎች ሰምቼዋለሁ። ባሏ የሞተባት እናት ትለዋለች፣ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ይለዋል፣ ከእስር የተፈታ ሰው ይለዋል። ሁሉም ተስተናግደዋል። የፈለጋቸው ሰው ግን አላገኙም።

በዊልቸር የምትመጣ አንዲት እህት ነበረችን። ሁልጊዜ ኋላ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ዊልቸሩ የሚያርፍበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ሁሉም ይወዳታል። ሁሉም እጁን ጭኖ ይጸልይላታል፣ ብትፈልግም ባትፈልግም። ብዙ ጊዜ ከመጣች በኋላ ነው አንድ ሰው «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃት። የሒሳብ ባለሙያ ነበረች። የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሰው አጥቶ ተዝረክርኮ ነበር። ሥራው ሲሰጣት ሁሉ ነገር ተለወጠ። በስብሰባ ላይ መገኘት ስላለባት ስብሰባው ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሪፖርት ማቅረብ ስላለባት መድረኩ መወጣጫ ተሠራለት። ለዓመታት «በጀት ሲገኝ» እየተባለ ሲንከባለል የነበረ ጉዳይ ነበር። እሷ የምታስፈልግ ሰው ስትሆን በጀቱ ተገኘ።

እንግዲህ በአጭሩ የምነግርሽ ይህን ነው። እንዴት እንቀበላቸው ከሚለው ይልቅ ምን ሥራ እናካፍላቸው፣ በየትኛው ውሳኔ ላይ ድምፅ ይኑራቸው የሚለውን ጠይቁ። ሌላው ማስተካከያ ከዚያ ይከተላል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ገና ከጅምሩ የእናንተ ዓይነት ችግር ገጥሟታል። በየቀኑ በሚሰጠው እርዳታ ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶች ተረሱ፤ ወገኖቻቸውም አጉረመረሙ። ሐዋርያት «ፍቅራችንን እንጨምር» ብለው አላለፉትም። ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ ሥራውም በእጃቸው ተሰጠ። አሁን ስማቸውን ተመልከቺ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። ኒቆላዎስ እንዲያውም ከአሕዛብ ወደ ይሁዲነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነበር። እንደሚታየው፣ አገልግሎቱ የተሰጠው ቅሬታ ካቀረበው ወገን ለሆኑ ሰዎች ነው።

ምዕራፍ 8 ላይ ደግሞ ያ ፊልጶስ ተመልሶ ይመጣል። በምድረ በዳው መንገድ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ የሮጠው እሱ ነው። ጃንደረባው ለመስገድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ እየተመለሰ ነበር። በዘዳግም ምዕራፍ 23 ሕግ ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም። በእጁ የያዘው ግን የኢሳይያስ መጽሐፍ ነው፤ በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 56 ላይ ለጃንደረባና ለመጻተኛ በእግዚአብሔር ቤት ስፍራ እንዳላቸው ተስፋ ተሰጥቷል። ፊልጶስ ከጎኑ ተቀምጦ አብሮት አነበበ። ከዚያ ሰውዬው «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ሲል ጠየቀ። ፊልጶስ የሚከለክል ነገር አላቀረበም። ይህን ሳነብ ሁሌ የሚገርመኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ከተረሱት ወገን ሥራ ባትሰጥ ኖሮ ለዚህ ሰው የሚሮጥለት ማን ይሆን ነበር?

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። በልምድ ያየሁትን ነው የምጽፍልሽ።

መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማምጣት ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ቦታ ይበላሻል። አስተርጓሚው ጥግ ላይ ይቆማል። ወይም ለስክሪኑ ሲባል መብራት ይጠፋና እጁ አይታይም። ከፊት፣ ከሰባኪው አጠገብ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ይቁም። ስብከቱንና መዝሙሩን ቀድማችሁ ስጡት፤ ግጥም በድንገት መተርጎም በጣም ከባድ ነው። አገልግሎቱ ረጅም ከሆነ ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 ደቂቃው ገደማ ይቀያየሩ። አእምሮ ይደክማል፤ ሲደክም የሚጎድለው መስማት የተሳነው ሰው ድርሻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መስማት የተሳነው ሰው ራሱ ያስተምር። እኛ ጋ አንድ ወጣት አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ምልክት ያስተምረን ጀመር። «እንደምን አደርክ»፣ «ስምህ ማን ነው?»፣ «አብረን እንቀመጥ»። ልጆቹ ከአዋቂዎቹ ቀድመው ያዙት። ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚ ባይኖርም ብቻውን የሚቆም መስማት የተሳነው ሰው አላየሁም።

ዓይነ ስውር ሰው ሲመጣ ደግሞ እጁን ይዞ መጎተት የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። መጀመሪያ ስማችሁን ተናገሩ፣ «ልርዳህ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እሺ ካለ ክንዳችሁን ስጡት፤ እሱ ይያዛችሁ። ስትሄዱ «ሄጃለሁ» በሉ፤ ባዶ ወንበር ሲያናግር አትተዉት። ስክሪን ላይ የወጣ ማስታወቂያ በድምፅ ይነበብ። የመዝሙሩን ግጥም ቀድማችሁ በስልክ ብትልኩለት ጽሑፍ በሚያነብ ፕሮግራም አዳምጦ አጥንቶት ይመጣል። የማየት አቅማቸው ለደከመ አረጋውያን ግጥሙን በትልቅ ፊደል፣ በ18 ነጥብ መጠን፣ አትሙት። ይህ ከወረቀት በቀር ወጪ የለውም።

ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ ስትሠሩ በግምት አትሥሩ። የተለመደው መለኪያ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ነው። ሦስት ደረጃ በድምሩ 45 ሴንቲሜትር ከፍታ ካለው መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ቦታ ያየሁት ከዚህ በግማሽ ያጠረ ነው። እንደ ገደል ቁልቁል ስለሆነ ዊልቸሩን የሚገፋ ጎበዝ ይጠይቃል፤ በዊልቸሩ ላይ ያለችው ሴት ብቻዋን መውጣት አትችልም። መጸዳጃ ቤቱንም እዩት። መቀመጫ ደግሞ ከመሐል ረድፍ አንድ ሁለት ወንበር አንሡ፤ ከቤተሰቧ ጋር፣ ከጓደኞቿ መሐል ትቀመጥ።

ኦቲዝም ያለባቸው ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ጉዳይ በጣም ያሳዝነኛል። ልጁ ሲጮኽ ሰዎች ዞር ብለው ያያሉ። ክፋት አስበው አይደለም። ለእናትየው ግን ያ መዞር በቂ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። እኛን የረዳን ነገር፣ መሪው ራሱ ከመድረክ ላይ «ይህ ልጅ የእኛ ልጅ ነው፣ ድምፁም የጉባኤው ድምፅ ነው» ብሎ በግልጽ መናገሩ ነው። የስብከቱ ድምፅ የሚሰማበት ጸጥ ያለ ክፍልም አዘጋጀን፤ ግን ማንንም ወደዚያ አንልክም፤ የፈለገ ይገባል። በተራ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ ሰው ስላለ እናትየው ቁጭ ብላ ስብከት ትሰማለች። እሷ መዘመር እንደምትወድም ያወቅነው ያኔ ነው።

ስለ ድህነት ልጨምር። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው የክብር መቀመጫ፣ ለድሃው «ወደዚያ ቁም» ማለትን በብርቱ ይወቅሳል። ዛሬ ማንም በአፉ እንዲህ አይልም። በመዋጮ ግን ይባላል። የመዘምራን ልብስ መዋጮ፣ የጉዞ መዋጮ፣ የስጦታ መዋጮ። የሰጪው ስም ከነገንዘቡ ሲነበብ የሌለው ሰው አንገቱን ይደፋል። ከመዘምራን ቡድን «ጊዜ የለኝም» ብለው የወጡ ሰዎችን ቤታቸው ሄጄ ሳነጋግር ጊዜ አልነበረም የቸገራቸው፣ የልብሱ ዋጋ ነው። ልብሱ ከጋራ ገንዘብ ይገዛ፣ የሰጪ ስም አይነበብ። ይህን ያህል ቀላል ነው።

ብቻቸውን የሚመጡትስ? አዲስ ሰው ተነሥቶ ራሱን ያስተዋውቅ የሚለውን ልማድ ብትተዉት ደስ ይለኛል። ደፋር ሰው ይወደዋል፤ አይናፋር ሰው ግን በዚያ ምክንያት ዳግም አይመጣም። ከአገልግሎት በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ይበልጣሉ። በዚያ ሰዓት ሁሉም የሚያውቀውን ይፈልጋል፣ ክብ ክብ ሠርቶ ያወራል፣ አዲሱ ሰው ስልኩን እየነካካ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የማታውቁትን ሰው አናግሩ፣ ወዳጆቻችሁን ኋላ ታገኟቸዋላችሁ። ስሙን ያዙ። በሳምንቱ ካልመጣ ደውሉ። አንድ ትንሽ ሥራም ጠይቁት፦ ወንበር ማስተካከል፣ መጽሐፍ ማደል፣ የሚችለውን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁሉን መቀበል ማለት ያልታወቀን ሰው ወዲያው ልጆች ክፍል ማስገባት አይደለም። ከልጆች ጋር ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፣ ማንም ብቻውን ከልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥ። ነባሩም አዲሱም በዚህ ሕግ ይተዳደር። ደካማውን የማይጠብቅ ቤት ለማንም ክፍት ነው ልለው አልችልም።

አንድ ወንድም «ይህ ሁሉ ትምህርታችንን ማላላት አይሆንም ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ስጋቱን አከብራለሁ። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚያምነው ትምህርት አለው፣ በግልጽ ሊናገረውም ይገባል። ነገር ግን ከላይ ከጻፍኩት አንዱም ትምህርት አይነካም። የምልክት ቋንቋ የሚያፈርሰው ዶግማ የለም። በሕይወቱ ብዙ የተወሳሰበ ነገር ይዞ የመጣ ሰውም ቢሆን አስተምህሮውን በሐሜት ሳይሆን ፊት ለፊት፣ በአክብሮት የመስማት መብት አለው።

ከየት እንጀምር ላልሽው፣ በዚህ ዓመት መምጣት ካቆሙት ሰዎች ስም ዝርዝር ጀምሩ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አትከራከሩ፣ «ተመለሱ» ብላችሁም አትጫኑ፤ ጠይቁና ጻፉ። የሰማችሁትን ለመሪዎች ስታቀርቡ ፈቃደኛ ከሆኑት መካከል አንድ ሁለቱን ይዛችሁ ግቡ፣ እነሱ ይናገሩ። መሪዎች በሪፖርት ሲሰሙትና ከሰውየው አፍ ሲሰሙት አይገናኝም። የመወጣጫውን ልኬትና ከአስተርጓሚዎች ጋር የምንነጋገርበትን ቅጽ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።