ስሙም ሳይዙም ልክ ነው፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም

የጠያቂያችን ችግር ባጭሩ ይህ ነው። ከአሮጌው ላፕቶፕ ወደ አዲሱ 90 ጊጋባይት የሚሆን ፎቶና ሰነድ በ256 ጊጋባይት ፍላሽ አዛውራለች። ኮፒ ሳይሆን ከት አድርጋ ነው ያወጣችው። መጀመሪያ የገቡት ፎልደሮች ይከፈታሉ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ስማቸውም ሳይዛቸውም ትክክል ነው፤ ዎርድ ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል፣ ፎቶዎቹም አይታዩም። አንድ ሰው ፍላሹን «አስተካክሎላት» ነበር፣ ለውጥ የለም። አሁን አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ልትጭን ነው።

እህቴ፣ እንዳትጭኚ! አሮጌውን ላፕቶፕ አሁኑኑ አጥፊው። ኢንተርኔትም አትክፈቺበት። ፋይሎችሽ ካሉ ያሉት እዚያ ዲስክ ላይ ነው፣ ፍላሹ ላይ አይመስለኝም።

ይህን ያስባለኝ አንድ ምልክት ነው። የመጀመሪያዎቹ ደህና ናቸው፣ ከሆነ ቦታ በኋላ ያሉት ግን በጅምላ ሄደዋል። ፍላሹ ሳይጨርስ ተነቅሎ ቢሆን የሚጎዱት መጨረሻ ላይ የገቡት ጥቂቶች ነበሩ። የዎርድ ስሪት ጉዳይ ቢሆን ፎቶው ምን አገባው? እኔ የምጠረጥረው ፍላሹን ነው። 256 ተብሎ የተሸጠልሽ ፍላሽ ውስጡ 16 ወይም 32 ቢሆን አይገርመኝም።

ይቺን ነገር ረጋ ብዬ ላስረዳሽ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። ፍላሽ ውስጥ መረጃው የሚቀመጥበት ቺፕ አለ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገር ኮንትሮለርም አለ። ዊንዶውስ ቺፑን በቀጥታ አያየውም። ስንት እንደሚይዝ ኮንትሮለሩን ይጠይቃል፣ የተባለውን ያምናል። አስመሳይ ፍላሽ የሚሠሩ ሰዎች ትንሽ ቺፕ ያስገቡና ኮንትሮለሩ 256 ነኝ እንዲል አድርገው ያዘጋጁታል። ፋይል ስታስገቢ ስሙ፣ ቀኑና ሳይዙ የሚመዘገበው ማውጫው ላይ ነው። ዋናው ማውጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍላሹ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚቀመጥ እውነተኛው ቺፕ ላይ ያርፋል። የፋይሉ ይዘት ግን ቺፑ ካለቀ በኋላ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ኮንትሮለሩ «ጽፌያለሁ» ይልና ይጥለዋል። ዕቃው በጓሮ በር ወጥቶ መዝገቡ ላይ «ገብቷል» ተብሎ እንደተፈረመበት መጋዘን ማለት ነው። ሳይዙ ልክ ሆኖ የሚታይሽ ለዚህ ነው፤ የምታዪው መዝገቡን ነው። አንዳንዱ ፍላሽ ደግሞ ሲሞላ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ደህናውን ይደመስሳል። የአንድ ፎልደር ማውጫ ራሱ ከቺፑ ወዲያ ካረፈ ፎልደሩ ባዶ ይሆናል፣ ወይም በማይነበብ ስም ይሞላል።

ግምቴን በራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ እምቢ ያለውን አንድ የዎርድ ፋይል ኮፒ አድርጊና ኮፒውን በኖትፓድ ክፈቺው። ሴቭ እንዳታደርጊ። ጤነኛ ዶክኤክስ ፋይል (የአሁኑ ዎርድ ሴቭ የሚያደርግበት ዓይነት) በላቲኖቹ ፒ እና ኬ ይጀምራል፣ ከዚያ ዝብርቅርቅ ምልክት ይከተላል። ፋይሉ ውስጡ ዚፕ፣ ማለትም የታመቀ ጥቅል ነው፣ ሁለቱ ፊደላትም ዚፕን የፈጠረው ፊል ካትዝ የስም መነሻዎች ናቸው። ኖትፓዱ ከላይ እስከ ታች ባዶ ከሆነ ውስጡ ዜሮ ብቻ ነው። ለዜሮ ጥገና የለውም። «የተበላሸ ፋይል እንጠግናለን» ለሚል ፕሮግራም ገንዘብሽን አትክፈይ። ፒ እና ኬ ካሉ ግን የዎርድን ከፍቶ የመጠገኛ አማራጭ ሞክሪ።

ያ «ያስተካከለልሽ» ሰው ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ አስኪዶበት ይመስለኛል። በሲኤችኬ የሚያልቁ ፋይሎች ፍላሹ ላይ ካገኘሽ ነገሩ እሱ ነው። ቼክዲስክ ማውጫውን ያስተካክላል እንጂ ይዘት አይመልስም። መልሶ ማውጣት የሚቻለውን ሳያወጡ እሱን ማስኬድ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ዋናው። ከት ስታደርጊ ዊንዶውስ ወደ ፍላሹ ይገለብጥና የድሮውን ያጠፋል። ሪሳይክል ቢን ውስጥ አታገኚውም። ግን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ አሮጌው ዲስክ ላይ ምንም አትጻፊ። የምትጭኚው ፕሮግራም ራሱ ልትመልሺው የፈለግሽው ፎቶ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ዲስኩን ፍቺና በዩኤስቢ ማገናኛ ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር አያይዢው። ኃይል በወጉ የማይሰጡ ርካሽ ማገናኛዎች ዲስኩን መሃል ላይ ያቋርጡታል፣ ደህና ግዢ። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርግ?» ወይም «ልፈትሽና ላስተካክል?» ካለሽ እምቢ በይ። በቅድሚያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ዲዲሬስኪው በሚባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ሌላ ትልቅ ዲስክ ላይ አውጪ፣ ሥራሽን በቅጂው ላይ ሥሪ። ቴስትዲስክ የሚባለው ፕሮግራም የጠፉትን ከነስማቸው ይዘረዝርልሻል። የቀረውን ፎቶሬክ በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ፈልጊ፤ ይዘቱን እያየ ስለሚያወጣ የድሮው ስም አይኖርም፣ መለየቱ አሰልቺ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። የሚወጣው ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ አሮጌው ላይ በፍጹም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ንቀይውና የመረጃ ማዳን ላብራቶሪ ላላቸው ስጪ።

ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ባለ ቺፕ ዓይነት ከሆነ ተስፋው ቀጭን ነው። ፋይል ሲጠፋ ዊንዶውስ ለዲስኩ ይነግረዋል፣ ዲስኩም ቦታውን ራሱ ያጸዳዋል።

ፍላሹን የምትፈትሺው ከላዩ የሚነበበውን ሁሉ ካወጣሽ በኋላ ነው። ኤፍ3 የሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ሞልቶ መልሶ ያነባል፣ እውነተኛውን መጠን ይነግርሻል። ለሌላ ጊዜ ከት አታድርጊ። ኮፒ አድርጊ፣ ፍላሹን በወጉ አውጥተሽ አዲሱ ላይ ሰኪው፣ እዚያ መሃል ላይ ያሉትንም መጨረሻ ላይ ያሉትንም ክፈቺ፣ ከዚያ የድሮውን አጥፊ።

ኖትፓዱ ያሳየሽንና ዲስኩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጻፊልኝ። እስከዚያ ላፕቶፑ እንደጠፋ ይቆይ።