ክረምት ገባ፤ ልጆቼ የት ይሩጡ?

ውድ የዚህ አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅና አራት ዓመቷን የያዘች ሴት ልጅ አሉኝ። እኔ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ የመስክ ሥራ ስለሚበዛበት አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ ከቤት አያድርም። ቀን ቀን ልጆቹን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው፤ አንዲት የቤት ሠራተኛም ታግዛቸዋለች።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ወንዱ ልጄ ከሶፋ ሶፋ ይዘላል፤ መተላለፊያውን የኳስ ሜዳ አድርጎታል፤ በቅርቡም የቡፌውን መስታወት ሰብሮታል። እኅቱ ደግሞ እሱ ያደረገውን ሁሉ ካላደረግሁ ብላ ታለቅሳለች። ከሥራችን የሚኖሩት ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ፣ ታመው ከሆስፒታል ከወጡም ገና ብዙ ያልቆዩ አባት ናቸው። ድምፁ ሲበዛባቸው ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታሉ። ደረጃ ላይ ሳገኛቸው በሐፍረት አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ወደ ውጭ እንዳላወጣቸው ዝናቡና ጭቃው አለ። አማቴ በበኩላቸው «ብርድ ይመታቸዋል» ብለው መስኮቱን ሁሉ ይዘጋሉ፤ ከሰል ያያይዛሉ፤ ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለው ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጧቸዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ላስተኛቸው እሞክራለሁ፤ ልጄ ግን እስከ አምስት ሰዓት አልጋው ላይ ሲገላበጥ ይቆያል። የሥራ ባልደረቦቼ «ይህ ልጅ እንዲህ የሚቅበጠበጠው በጤናው አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው» ካሉኝ ጀምሮ እኔም እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ «ልጅ ነው፣ ተዪው» ይለኛል።

ልጄ ታሞብኝ ነው? ካልታመመስ፣ በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለቱን እስከ መስከረም እንዴት አድርጌ ልያዛቸው?

አክባሪዎ፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከልደታ

———

ውድ እኅቴ፣

እንቅልፍ ከነሳሽ ጉዳይ ልጀምር። መቅበጥበጥን እንደ ሕመም የሚያዩት ሐኪሞች አንድን ልጅ በክረምት ቤት ተዘግቶበት ባሳየው ጠባይ ብቻ አይፈርዱበትም። ጠባዩ ቢያንስ 6 ወር የቆየ መሆኑን፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመሩን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ማለትም በቤትም በትምህርት ቤትም፣ መታየቱን ያጣራሉ። ስለዚህ በሰኔ የተሰጠሽን ካርድ አውጪና የመምህሩን አስተያየት አንብቢ። ዓመቱን ሙሉ «አያዳምጥም፣ የጀመረውን አይጨርስም፣ ሌሎችን ይረብሻል» ሲባል የከረመ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ ይህ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ክፍል ውስጥ ደኅና ሆኖ ከርሞ ችግሩ የተጀመረው ትምህርት ሲዘጋ ከሆነ ግን፣ ልጅሽ ያጣው ነገር መሮጫ ነው።

እኛ ዘንድ ጨዋ ልጅ የሚባለው እንግዳ ፊት ቁጭ ብሎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ዝም ያለው ነው። ለአንድ ሰዓት ጥሩ ጠባይ ነው። ለሦስት ወር ግን ቅጣት ነው፤ አጥፍቶ ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለ ቅጣት አይገባውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ትንፋሹን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፤ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክረው ደግሞ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን እንዲሆን ይመክራል። እንደ ሴት ልጅሽ ላሉት የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2019 የተቀመጠው ከዚያም ይበልጣል፦ በቀን 180 ደቂቃ፣ ከዚህ ውስጥ 60ው ጠንከር ያለ። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ እዚህ ሩብ ሰዓት እዚያ ሃያ ደቂቃ እየተጠራቀመ ይሞላል። ልጅሽ ከሶፋ ሶፋ ሲዘል ይህንኑ ድርሻውን በገዛ መንገዱ እየወሰደ ነው። አንቺ የምትቀይሪለት መንገዱን ነው።

ስለ ብርዱ ለአማትሽ በእርጋታ፣ እንደ ልጅ ሆነሽ ንገሪያቸው። ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ የሚዛመተው መስኮቱ በተዘጋና ሰው በተፋፈገበት ክፍል ነው። የአዲስ አበባ ሐምሌ ሌሊቱን ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድም ቀኑን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። በኖርዌይና በፊንላንድ እናቶች በበረዶ ወራት እንኳ ሕፃናቱን በደንብ ጠቅልለው በጋሪያቸው ውስጥ ደጅ ያስተኟቸዋል። የእኛ ዝናብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ጠዋቱ ደመናማ ቢሆንም ብዙ ቀን ይታገሣል። ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ካፊያም ቢሆን ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ለብሰው ይውጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይሩጡ፣ ሲመለሱ የረጠበውን ካልሲ ይቀይሩ። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም ጭቃ የላቸውም። ቤት ውስጥ የሚደረገውን ከዚህ በታች እነግርሻለሁ፤ ይህን የጠዋት ግማሽ ሰዓት ግን አትሽሪባቸው።

በአንድ ነገር ላይ ግን ለይሉኝታ ቦታ የለም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አይነድም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማጥወልወል ያመጣል፣ ሲብስም ይገድላል። የሚሮጥ ልጅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከተቀመጠው ሰው የበለጠ ወደ ውስጡ ያስገባል። የቃጠሎውን አደጋ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የጋለ ምድጃና ሁለት የሚሯሯጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ መገኘት የለባቸውም። ቡናው ይፈላ፤ ጨዋታው ግን ከቡናው በፊት ይለቅ፣ ከሰሉም በረንዳ ላይ ይያያዝ፣ መስኮቱም ክፍት ይሁን።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የነካው ሽማግሌውን አንገት ደፍተሽ ማለፍሽ ነው። ዛሬ ማታ ልጅሽን ይዘሽ ውረጂ። እሱ ራሱ «አባባ፣ ይቅርታ» ይበላቸው፤ አንቺ ደግሞ የሚያርፉበትን ሰዓት ጠይቂያቸው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ እተኛለሁ ካሉሽ ያ ሰዓት በቤትሽ የሥዕልና የመጽሐፍ ሰዓት ይሆናል። በዕድሜ የገፋ ሰውን የሚያውከው ከድምፁ ይልቅ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚያበቃ አለማወቁ ነው።

ከዚያ ድምፁን ራሱን እንቀንስ። በኮንክሪት ወለል አልፎ ታች የሚሰማው ተረከዝ ሲያርፍና ኳስ ሲነጥር ነው፤ የልጅ ሳቅ ያን ያህል ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ዝላይ ሁሉ ፍራሽ ላይ ይሁን፤ ከአልጋ አውርደሽ ምንጣፉ ላይ አንጥፊላቸው። ኳሱ ከአሮጌ ካልሲ ይሠራ፤ እንደ ልባቸው ቢለጉት መስታወት አይሰብርም፣ ወለልም አይመታም። ባልዲ ጥግ ላይ አስቀምጠሽ እያነጣጠሩ ይወርውሩ፤ ሲሞላ አንሥቶ ማምጣቱ ራሱ ሩጫ ነው። ሴራሚክ ላይ ካልሲ ብቻ አድርገው እንዳይሮጡ አደራ፤ በባዶ እግር ይሻላል።

እስክስታን ደግሞ ለዚህ ቤት የተፈጠረ ነው ብዬ አምናለሁ። እግር ባለበት ቆሞ ትከሻ፣ ደረትና አንገት ይሠራል፤ ሦስት ዘፈን ሳያቋርጥ የወረደ ልጅ በላብ ይጠመቃል፣ ከታች ያለው ሰው ግን ምንም አይሰማም። የጉራጊኛውን ጭፈራ ለምድር ቤት አቆዩት፤ እሱ እግር ይጠይቃል። ለሴት ልጅሽ በሁለት ወንበር እግር መካከል ሱዚ ወጥሪላት፤ መጀመሪያ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ሳይል፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፈሽ።

የጉልበት ሥራንም አትርሺ። እንደ ልጅሽ ያለውን መሸከም፣ መግፋትና መጎተትም ሊያረጋጋው ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። ባለ 3 ሊትሯን ሞልተሽ ከመታጠቢያ ቤት ወደ ወጥ ቤት እንዲያመላልስ አድርጊ፤ ስንት እንዳመጣ በጠመኔ ይጻፍለት። ከአዋቂ ጋር ከሆነ ደረጃውም አለ፤ ሦስት ፎቅ ወርዶ መውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ዝናብ ሲገባበት ግን ያሟልጫልና ያን ቀን ይቅር።

አማትሽን ከዚህ ሁሉ ውጭ አታድርጊያቸው፤ የሚያውቁት ጨዋታ ከእኔ ይበልጣል። እንቆቅልሽ ይጠይቋቸው፤ ግን «ሀገር ስጠኝ» ላይ አንድ ሕግ ትጨመር። በሩን ጎንደር፣ የበረንዳውን መስኮት ሐረር፣ ወጥ ቤቱን ጅማ፣ መኝታ ቤቱን አክሱም በሏቸው። ያልመለሰው ልጅ ሀገሩን ይሰጥና የሰጠው ሀገር ራሱ ደርሶ ይመለሳል። ጎንደር የሚሄደው በእጅና በእግሩ ነው፤ ሐረር ሆዱን ወደ ጣሪያ አድርጎ ወደ ኋላ እየተራመደ፤ ጅማ በሆዱ እየተሳበ፤ አክሱም ትራስ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ፣ ሳይጥል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ምንድን ነው?» ብለው ይጀምሩ፤ ውኃ መሆኑን ያላወቀ ጅማ ደርሶ ይምጣ። እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠው ዳኛ ናቸው፤ ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ይሠራሉ። ሁለቱ ልጆች በዕድሜ ስለሚራራቁ ለትንሿ ቀላል ቀላሉን እንዲጠይቁላት ንገሪያቸው፤ አለዚያ ጅማ የምትመላለሰው እሷ ብቻ ትሆናለች።

ቴሌቪዥኑ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይምጣ። ለአራት ዓመቷ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ያነሰ ቢሆን ይመረጣል። እንቅልፉም በዚሁ ይስተካከላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የስምንት ዓመት ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፣ እስከ አምስት ሰዓት የሚገላበጠውም ሰውነቱ ሳይደክም ስለሚውል ሊሆን ይችላል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን ሩጫም ስክሪንም ይቁም፤ መብራቱ ይቀንስ፣ ተረት ይነገር።

ለባለቤትሽም መልእክት አለኝ። «ልጅ ነው» ማለቱ ልክ ነው፤ «ተዪው» የሚለው ግን አይበቃም። ከተማ በሚውልበት ቅዳሜ ሁለቱን ይዞ ይውጣ። ከአራት ኪሎ በእግር ወደ አምስት ኪሎ ያለውን ዳገት ይውጡት፤ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተው ድንቅነሽን አይተው ይመለሱ። ዝናብ ከመጣ ሙዚየሙ ጣሪያ አለው፤ አንቺም ግማሽ ቀን ታርፊያለሽ።

የመጨረሻው ነገር ከአንቺ ቤት ውጭ ነው። ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት በብዙ ግቢ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለስብሰባ ካልሆነ ተቆልፎ ነው የሚከርመው። እዚያ ብሎክ ውስጥ እንደ አንቺ የተጨነቁ እናቶች እንዳሉ አልጠራጠርም። ሦስት አራት ሆናችሁ ለነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ አጭር ማመልከቻ ጻፉ፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ በየተራ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት እየጠበቁ፣ ስትጨርሱ ጠርጋችሁ እንደምታስረክቡ ግለጹ። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ የሚሠመረው እዚያ ነው፤ ገመድ የሚዘለለውም፣ አባሮሹም እዚያ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ለሚውለው ቡሄ ወንዶቹ ሆያ ሆዬን በዱላቸው ወለል እየመቱ የሚለማመዱት፣ ሴቶቹም ለአዲስ ዓመት አበባየሆሽን የሚያጠኑት እዚያ ይሁን። ኮሚቴው ኪራይ ልጠይቅ ካለ ተከራከሩ፤ ቤቱ የነዋሪው ነው፣ ልጆቹም ነዋሪዎች ናቸው። ማመልከቻውን ሐምሌ ሳይጋመስ አስገቡት፤ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ድረስ ክረምቱ እንዳያልቅባችሁ።